በውሃ እጥረት ጊዜ መኪና ማጠብ፦ የውሃ ጎማ፣ ላቫጆ፣ አንድ ጀሪካን ወይስ ውሃ አልባ?

አንድን የቤት መኪና ለማጠብ ግማሽ ሊትርም ሊበቃ ይችላል፤ 300 ሊትርም ሊያልቅ ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው የመኪናው ትልቅነት ሳይሆን የሚታጠብበት መንገድ ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት ወይም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ባለመኪናው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። የመኪና ዕቃ ሻጩ «ውሃ ምን ያደርጋል፣ ይህን ይርጩበት» ይላል። ላቫጆው «የኛ የጉድጓድ ነው፣ አያስቡ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ ውሃ የመጣ ሌሊት ጎማውን ለቆ ያጥባል። ሁሉም የሚከራከሩት ስለ ዘዴው ነው። ቀድሞ መታየት ያለበት ግን መኪናው ላይ ያለው ቆሻሻ ዓይነት ነው። ስስ አቧራ፣ የደረቀ ጭቃና የአፋር ጨው በአንድ ዘዴ አይነሱም፤ ለአንዱ የሚበቃው ለሌላው ቀለም መቧጨሪያ ይሆናል።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ የሚቆጠረው የሚጠጣ ውሃ ነው። ከጣሪያ የተጠራቀመ 30 ሊትርና ከቧንቧ የተቀዳ 30 ሊትር እኩል አይደሉም። ለማነጻጸሪያ ያህል፣ የእርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፌር መስፈርት በአደጋ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው ይጠይቃል። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ ቦረናን ጨምሮ፣ ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ውሃ በቦቴ ይታደል ነበር። በጎማ ለአሥር ደቂቃ የታጠበ መኪና የአሥር ሰው የቀን ድርሻ ወስዷል ማለት ነው።

ሁለተኛው፣ ዘዴው የትኛውን ቆሻሻ ያነሳል የሚለው ነው። ሦስተኛው ለቀለሙ ያለው አደጋ ነው። የመንገድ አቧራ አሸዋ አለበት፤ አሸዋውን የሚያንሳፍፍ በቂ ፈሳሽ ከሌለ ጨርቁ ራሱ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሠራል።

አራተኛው እጣቢው የሚሄድበት ነው። አዲስ አበባ ላይ ወደ ቦይ የገባ እጣቢ በወንዞቹ በኩል ወደ ትልቁና ትንሹ አቃቂ ይወርዳል፤ ከዚያም አባ ሳሙኤል ይገባል። በመንገዱ ላይ አትክልት የሚጠጣውም ይህንኑ ውሃ ነው። ስለዚህ ዘይትና ናፍጣ ያለበት እጣቢ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ጉዳቱ ትንሽ አይደለም።

አምስተኛው ጊዜና ገንዘብ ነው። ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እዚህ ብር አልጻፍንም። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው፦ በሰፈርዎ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚሸጥበትን ዋጋ ዘዴው በሚፈጀው ጀሪካን ቁጥር ያባዙት።

ጣት ያስነኩት

የመኪናውን ጎን በጣት ጫፍ ቀለል አድርገው ይንኩት። ጣቱ ላይ ዱቄት የመሰለ ስስ ነገር ብቻ ከቀረ ስስ አቧራ ነው። በጣት ስም ሊጻፍበት ከቻለ ወፍራም አቧራ ነው፤ በተለይ ግንባታ ባለበት መንገድ የሲሚንቶና የአሸዋ ቅንጣት አይጠፋውም። ከእጅ ስር የሚንኮሻኮሽ ወይም በቅርፊት የሚነሳ ከሆነ ጭቃ ነው። ጨው፣ የወፍ ኩስና የዛፍ ሙጫ ለብቻቸው የሚታዩ ናቸው፤ እነዚህን ማቆየት ቀለም ያስበላል።

አንድ ነገር ግን ለሁሉም ያገለግላል፦ ደረቅ አቧራን በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ አለማራገፍ። ውሃ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ከሁሉም ዘዴዎች ቀለሙን የሚጎዳው ግን ይሄ ነው። ጥቁር መኪና ላይ ፀሐይ ሲያርፍ የሚታየው የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት በአብዛኛው የዚህ ውጤት ነው።

ጎማ

የጎማዎን ፍጆታ ለማወቅ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ሰዓት ይያዙ። 80 ሴኮንድ ከፈጀ በደቂቃ 15 ሊትር እየፈሰሰ ነው። አሥር ደቂቃ 150 ሊትር፣ ሃያ ደቂቃ 300 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ መኪናውን በእርግጥ የሚያጥበው ጥቂቱ ነው። አብዛኛው የሚባክነው ጎማው መሬት ላይ ተጥሎ እጅ በሳሙና ሲሠራ ነው።

ጎማን ብቻ መጠቀም ግድ ከሆነ ጫፉ ላይ ሲለቁት የሚዘጋ መርጫ ይግጠሙ። በአጠቃላይ ለሦስት ደቂቃ ብቻ ከተከፈተ ወደ 45 ሊትር ይወርዳል። ሌሎች አገሮች በድርቅ ጊዜ ሕግ ያወጡትም በዚሁ ነጥብ ላይ ነው። ካሊፎርኒያ በ2014 እ.ኤ.አ. መዝጊያ በሌለው ጎማ መኪና ማጠብን በቀን እስከ 500 ዶላር በሚያስቀጣ ደንብ ከለከለች። እንግሊዝ ውስጥ የጎማ እገዳ ሲታወጅ የግል መኪናን በጎማ ማጠብ እስከ 1,000 ፓውንድ ያስቀጣል፤ በባልዲ ማጠብ ግን አይከለከልም። ኬፕ ታውን በ2018 እ.ኤ.አ. ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ስትመድብ ከዚያም አልፋ መኪናን በሚጠጣ ውሃ ማጠብን ጨርሶ አግዳ ነበር። ሎስ አንጀለስ ወይም ለንደን የሚኖር አንባቢ ደንቡ በየበጋው ስለሚለዋወጥ ባልዲ ከማንሳቱ በፊት የአካባቢውን የውሃ ድርጅት ማስታወቂያ ይመልከት።

ፕሬሸር ማሽን

ውሃ ያባክናል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ነገር ግን የቤት ማሽን በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ነው የሚረጨው፣ ከተከፈተ ጎማ ግማሽ ያህል። አምስት ደቂቃ ቢሠራ 40 ሊትር ቢሆን ነው። ጭቃ ለማንሳት ከሱ የተሻለ የለም።

ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት የቧንቧው ግፊት ስለሚወርድ ማሽኑ አየር ይስባል፤ ፓምፑ ሲደርቅ ጎሚኒው ይበላሻል። ከባልዲ ወይም ከሮቶ ራሱ ስቦ መሥራት የሚችል መሆኑን ሳይጠይቁ አይግዙ። ጫፉን በተመለከተ፣ ነጩ (40 ዲግሪ) ወይም አረንጓዴው (25 ዲግሪ) ለአካል ይሆናል። ቀዩ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ለመኪና አይነካም። ከቀለም ቢያንስ 30 ሳንቲሜትር ይራቁ፤ የተሰነጠቀ ወይም በስቱኮ የተጠገነ ቦታ ላይ አይተኩሱ፣ ቅርፊቱን ያነሳዋል። ኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ የቻርጅ መሰኪያው ክዳን ተዘግቶ፣ ቻርጅ በማያደርግበት ሰዓት ይታጠብ፤ ከስር ባለው ባትሪና ከፍተኛ ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፈው ብርቱካናማ ሽቦ ላይ በቅርብ አይረጭ።

ላቫጆ

ላቫጆ በራሱ መጥፎም ጥሩም አይደለም። አንዱ ከሌላው በአሥር እጥፍ ሊለያይ ይችላል። ትልልቆቹ ማሽኖች በደቂቃ ከ10 እስከ 15 ሊትር ስለሚረጩ ለአሥር ደቂቃ መታጠብ ከ100 እስከ 150 ሊትር ነው። ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ከሆነ ግን አዲስ የሚቀዳው ለመጨረሻው ማለቅለቂያ ብቻ ነው። ሦስት ጥያቄ ይበቃል።

ውሃው ከየት ነው? ከከተማ ቧንቧ ከሆነ ልዩነቱ ቤትዎ ከማጠብዎ ብዙም አይርቅም። ከጉድጓድ ከሆነ የከተማውን ቧንቧ አይነካም፤ ሆኖም የከርሰ ምድር ውሃም በድርቅ ይወርዳል፣ «የጉድጓድ ነው» ማለት «ማለቂያ የለውም» ማለት አይደለም። ማዕድን የበዛበት የጉድጓድ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ክብ ምልክት ይተዋል፤ ወዲያው እንዲደርቅ ይጠይቁ። ምልክቱ ከቀረ ኮምጣጤን በእኩል ውሃ በጥብጦ በጨርቅ ለአንድ ደቂቃ ማስነካትና በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ያነሳዋል። ከወንዝ ስቦ የሚያጥብ ላቫጆ ካለ ይለፉት።

እጣቢው የት ይገባል? ቢያንስ አሸዋ የሚዘቅጥባቸውና ዘይት ላይ የሚንሳፈፍባቸው ተከታታይ ገንዳዎች ሊኖሩት ይገባል። ገንዳ አለ ሲባል ሄደው ይዩት፤ ዝቃጩ ካልተጠረገ ገንዳው ስም ብቻ ነው።

ሞተር ይታጠባል? «ከስርና ሞተር በናፍጣ ይረጭልዎ?» ሲባል መልሱ አይሆንም ነው። ናፍጣ የሞተሩን የላስቲክ ክፍሎችና ቺንጋ ያበላሻል፣ አቧራ ይስባል፣ እጣቢውንም ለማጣራት እጅግ አስቸጋሪ ያደርገዋል።

አንድ ጀሪካን

ለአብዛኛው አንባቢ የምንመክረው ይሄን ነው፤ ከውጭ የሚመጣ ልዩ ፈሳሽም ሆነ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ወፍራም አቧራም ይችላል። ሚስጥሩ 20 ሊትሩን አስቀድሞ መከፋፈሉ ላይ ነው፦ 4 ሊትር ለማራሻ፣ 6 ሊትር ለሳሙና፣ 6 ሊትር ለእጅ ጓንቱ ማጠቢያ፣ 4 ሊትር ለመጨረሻ ማለቅለቂያ።

የሚያስፈልገው፦ ሁለት ባልዲ፣ በእጅ የሚነፋ ባለ 5 ሊትር መርጫ፣ የማይክሮፋይበር ጓንት፣ ሁለት ማድረቂያ ፎጣና ለቸርኬ ብቻ የሚውል አሮጌ ጨርቅ። መርጫው ፀረ አረም ወይም ፀረ ተባይ ገብቶበት የማያውቅ አዲስ ይሁን፤ ገበሬ በጀርባው የሚያዝለው ባለ 16 ሊትርም ይሠራል። መርጫ ከሌለ የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን በሚስማር በስቶ መጠቀም ይቻላል፣ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ።

1. መኪናውን ጥላ ውስጥ ያቁሙ። ኮፈኑን በእጅ ጀርባ ነክተው ካቃጠለ ይጠብቁ፤ በበጋ ፀሐይ ሳሙና በደቂቃ ውስጥ ደርቆ ምልክት ይሆናል።
2. 4ቱን ሊትር በመርጫ ከጣሪያ ወደ ታች ይርጩና ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆዩ። አቧራው ሲረጥብ ከቀለሙ ይለቃል። ይህን ደረጃ የዘለለ ሰው የቀረውን ሁሉ ቢያስተካክልም ይቧጭራል።
3. በ6ቱ ሊትር ላይ የመኪና ሻምፖ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጨምሩ። ከዚያ በላይ መጨመር አያጸዳም፤ አረፋው በዝቶ 4ቱ ሊትር ማለቅለቂያ አይበቃም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይግባ፤ ያልሟሟ ቅንጣቱ ይቧጭራል፣ ቀለሙን የሚጠብቀውን ሰምም ይነቅላል። በተለምዶ ላርጎ የምንለው የዕቃ ፈሳሽ ሳሙናም ሰም ያነሳል፤ ለአንድ ቀን ቸግሮ ካልሆነ ልማድ አይደረግ።
4. ጣሪያ፣ መስታወት፣ ኮፈን፣ የበሮች የላይኛው ግማሽ፣ የኋላው፣ በመጨረሻ የታችኛው ክፍል። ጓንቱን በቀጥታ መስመር ይጎትቱ፤ እያሽከረከሩ ማሸት ጭረቱን በየአቅጣጫው እንዲታይ ያደርጋል።
5. አንድ ክፍል ባለቀ ቁጥር ጓንቱን በሁለተኛው ባልዲ ያልቅልቁ፣ ይጭመቁ፣ ከዚያ ወደ ሳሙናው ይመልሱ። ስፖንጅ አሸዋውን በቀዳዳው ስለሚይዝ ለዚህ አይሆንም።
6. በመጨረሻው 4 ሊትር እየረጩ ወዲያው ያድርቁ። የሁለተኛው ባልዲ ውሃ አይደፋም፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ላዩ ለቸርኬና ለፓራፋንጎ ውስጥ ይሆናል።

ግማሽ ሰዓት ወይም አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ቫንና ፒክአፕ ላይ አንድ ጀሪካን ተኩል ይቁጠሩ።

ያለ ማለቅለቅ የሚታጠብበት ፈሳሽ

ይህ ከሻምፖ የተለየ ነው፤ ሳይለቀለቅ ተጠርጎ የሚደርቅ። አብዛኞቹ በ8 ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር አካባቢ ይበጠበጣሉ፣ መለያውን ማንበብ ግን ግድ ነው። ስድስት ወይም ስምንት የማይክሮፋይበር ፎጣ በባልዲው ውስጥ ይነከራል። እያንዳንዱ በአራት ታጥፎ ስምንት ንጹሕ ገጽ ይሰጣል፤ ገጹ ሲቆሽሽ ይገለበጣል፣ ሁሉም ሲያልቅ ፎጣው ወደ ባልዲው አይመለስም። ከመጀመርዎ በፊት ያንኑ ፈሳሽ አንድ ሁለት ሊትር በመርጫ ይንፉበት። ደረቅ አየር ባለበት ደጋ ከግማሽ በር በላይ በአንድ ጊዜ አያርጥቡ።

ከ10 ሊትር በታች ይጨርሳል። ፎጣዎቹ መታጠብ ስላለባቸው ግን በእጅ ከሆነ ሌላ 10 ሊትር ይደምሩ። ይህን ሒሳብ ሻጮች አይነግሩም። ሁለት ሦስት መኪና ባለበት ቤት የፎጣው ውሃ ስለሚካፈል ዘዴው ከጀሪካኑ በግልጽ ይሻላል፤ ለአንድ መኪና ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ውሃ አልባ ርጭት

ከ250 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ለአንድ መኪና ይበቃል። ፈሳሹ ቅንጣቱን አለስልሶ ሸፍኖ በፎጣ እንዲነሳ ያደርገዋል። ለስስ አቧራ፣ ትናንት ለታጠበ መኪና፣ ለወፍ ኩስ በጣም ጥሩ ነው። ወፍራም አቧራ ላይ የሚቧጭር ሲሆን ጭቃ ላይ ጨርሶ የማይሆን ነው። እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፈሳሹ ሳይሆን የፎጣው ቁጥር ማነስ ነው፤ በሁለት ጨርቅ ሙሉ መኪና የሚጠርግ ሰው አሸዋውን ከኮፈን ወደ በር እያዛወረ ነው። በናፍጣ ወይም በላምባ የሚሠራ የቤት ውስጥ ቅልቅል አንጸባራቂ ይመስላል፤ በማግስቱ ሁለት እጥፍ አቧራ ይዞ ይገኛል።

በእንፋሎት የሚያጥቡ ካገኙ ውሃ የሚፈጀው ጥቂት ሊትር ነው፤ ለወንበርና ለክሩስኮት ስንጥቆች ይመቻል። ለጭቃ ቀርፋፋ ነው።

ውሃው ከየት ይምጣ?

የጣሪያ ውሃ ከሁሉ ይበልጣል፤ ለስላሳ ስለሆነ ነጭ ምልክት አይተውም። 100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ በስሌት 1,000 ሊትር ነው፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 800 ሊትር ያህል ይያዛል። አንድ የበልግ ካፊያ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሞልቶ ለአሥር እጥበት ይበቃል ማለት ነው። በርሜሉ ይከደን፤ ትንኝ ይፈለፈልበታልና።

በፈረቃ የመጣ ውሃ መጀመሪያ ላይ ቀላ ብሎ ይወርዳል። ወደ ሮቶ ሳይገባ በባልዲ ቢያዝ ለቸርኬና ለታችኛው አካል ይሆናል። የልብስ ማለቅለቂያ ውሃም እንዲሁ፤ በረኪና ከገባበት ግን ብረት ስለሚበላ ይቅር። ሁለቱም ቀለም ላይ አይውሉ።

በአንድ ዓይን

| ዘዴ | ውሃ ለአንድ መኪና | የሚችለው ቆሻሻ | ለቀለም ያለው አደጋ | ጊዜ |
|---|---|---|---|---|
| የተለቀቀ ጎማ | 150–300 ሊትር | ሁሉንም | ዝቅተኛ | 20 ደቂቃ |
| መዝጊያ ያለው ጎማ | 45 ሊትር ገደማ | ሁሉንም | ዝቅተኛ | 25 ደቂቃ |
| የቤት ፕሬሸር ማሽን | 30–40 ሊትር | ጭቃን ጭምር | ጫፉ ከተሳሳተ ከፍተኛ | 20 ደቂቃ |
| ላቫጆ፣ ሳያጣራ | 100–150 ሊትር | ሁሉንም | እንደ ጨርቃቸው | 30 ደቂቃ |
| አንድ ጀሪካን | 20 ሊትር | እስከ ወፍራም አቧራ | ዝቅተኛ | 40 ደቂቃ |
| ያለ ማለቅለቅ | 10 ሊትር፣ ፎጣ ሲታጠብ 20 | እስከ መካከለኛ አቧራ | መካከለኛ | 30 ደቂቃ |
| ውሃ አልባ | ግማሽ ሊትርና የፎጣ እጥበት | ስስ አቧራና የወፍ ኩስ ብቻ | ቆሻሻው ከበዛ ከፍተኛ | 30 ደቂቃ |
| መስታወትና መብራት ብቻ | 1 ሊትር | — | የለም | 5 ደቂቃ |

የመጨረሻው መስመር ቀልድ አይደለም። ድርቁ ሲጠና ብዙ መኪና የሚያስፈልገው መስታወት፣ መብራት፣ ስፖኪዮና ታርጋ ብቻ ነው። አቧራ ቀለም አይበላም፤ እስኪዘንብ ቢቆይ የሚጎዳው ነገር የለም። የወፍ ኩስና ሙጫ ላይ ብቻ እርጥብ ጨርቅ አምስት ደቂቃ አስቀምጦ ማንሳት ይበቃል።

ለማን የትኛው?

ኮንዶሚኒየም ለሚኖር፣ የጋራ ቧንቧ ላይ ጎማ መሰካት ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ ጀሪካኑ ወይም ያለ ማለቅለቅ የሚሠራው ይመቻል፣ ሁለቱም መሬት ላይ ኩሬ አይተዉም። በየቀኑ ሰው የሚጭን ሾፌር ጠዋት ጠዋት ውሃ አልባ፣ በሳምንት አንዴ ጀሪካን ቢያፈራርቅ አቧራው ሳይወፍር ስለሚያነሳው ጭረቱም ውሃውም ይቀንሳል። በጀቱ ጠባብ ለሆነ፣ ገንዘቡ ከፈሳሽ ይልቅ ጥሩ ጓንትና ሁለት ፎጣ ላይ ይዋል።

ከገጠር ሥራ የተመለሰ መኪና ጭቃው ይድረቅና በፓራፋንጎ ውስጥ ያለው በእንጨት ይራገፍ፤ ከቀለሙ ላይ ግን አይፋቅ። ከዚያ ፕሬሸር ማሽን ወይም አጣርቶ የሚጠቀም ላቫጆ። ራዲያተር ፊት የተጋገረውን ሳያነሱ አይተዉት፣ ሞተር ያሞቃል።

ከዳሎል ወይም ከአሳሌ የጨው ሜዳ የተመለሰ መኪና ለብቻው ይታያል። ጨው እርጥበት ስቦ ብረት መብላቱን አያቆምም፤ ይህን መኪና ድርቅ ነው ብሎ ማቆየት ውሃ ሳይሆን ሻንሲ ማባከን ነው። ጨው በሌለበት ማንኛውም ውሃ፣ የጣሪያም ሆነ የጉድጓድ፣ ከ40 እስከ 60 ሊትር ከስር በኩል በዝቅተኛ ግፊት ይረጭ፤ በጣም ከፍተኛ ግፊት ጨዋማውን ውሃ ወደ ስንጥቆችና ወደ ኩሽኔት ይገፋዋል። የላይኛው አካል በማግስቱ በጀሪካን ይደርሳል።